ስለ ጥንታዊ አውሬ አጥንት፤ ቦታውን ያጣ አጥንት ምስክርነቱ እንደሚጠፋ የሚያስረዳ ትምህርት

መግቢያ

በገጠር ትምህርት ቤት ለምታስተምሩ መምህራን፤ እንደዚሁም ማንበብና መጻፍ ለምታውቁ የአገር ሽማግሎች። በጽሕፈት ቤት ያገለገለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ አንድ ደብዳቤ ቃሉ ምንም ያማረ ቢሆን፤ የተጻፈበት ቀንና ስፍራ፤ የጻፈውም ሰው ስምና ማኅተም ከሌለበት በዳኛ ፊት አይታመንም። ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው፤ ቀለሙም ያው ቀለም ነው፤ ነገር ግን ከወዴት እንደ መጣ ስለማይታወቅ ለምስክርነት አይበቃም።

ከምድር ውስጥ የሚወጣው የጥንት እንስሳ አጥንትም እንዲሁ ነው። በየትኛው ሸለቆ፤ በየትኛው የአፈር ድርብርብ ውስጥ፤ ከየትኛው ሌላ አጥንት ጋራ እንደ ተገኘ ከታወቀ ብዙ ነገር ይናገራል። ይህ ካልታወቀ ግን ዲዳ ይሆናል። ይህን ነገር በባዶ ቃል ከማስተማር በእውነት የሆነውን ታሪክ መንገር ይሻላልና፤ በግብጽ ምድር ተገኝቶ፤ በጀርመን አገር በእሳት ጠፍቶ፤ ከ70 ዓመት በኋላ በሞሮኮ ምድረ በዳ ዳግመኛ ስለ ታወቀው አንድ ታላቅ አውሬ እንጽፋለን። በዚህ ጽሕፈት ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

፩ኛ ክፍል፤ ዳይኖሰር ማለት ምን እንደ ሆነ

ዳይኖሰር የሚለውን ስም በ1842 ዓመት ያወጣው ሪቻርድ ኦወን የሚባል የእንግሊዝ ሊቅ ነው። ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ ሠራው፤ ትርጓሜውም አስፈሪ እንሽላሊት ማለት ነው። ነገር ግን ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ እነዚህ እንስሶች እንሽላሊቶች አልነበሩም። ራሳቸውን የቻሉ ታላቅ ወገን ነበሩ። ከእነርሱም አንዳንዱ ከዶሮ የማይበልጥ፤ አንዳንዱም ከራሱ እስከ ጅራቱ 30 ሜትር የሚደርስ ነበረ። ሣርና ቅጠል የሚበላ ነበረ፤ ሥጋም የሚበላ ነበረ።

ከዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከሰማይ የወረደ ታላቅ ዐለት ዛሬ ሜክሲኮ በሚባለው አገር ዳርቻ ምድርን መታ። ከዚህም የተነሣ የዓለም አየር ተለወጠና እነዚህ እንስሶች ጠፉ። ሆኖም ፈጽመው አልጠፉም። ከትናንሾቹ ወገን አንዱ ቀድሞ ወደ ወፍነት ደርሶ ነበርና፤ ዛሬ በየዛፉ የሚዘምሩት ወፎች ሁሉ የእነርሱ ዘር ናቸው። ተማሪ በዚህ ቢደነቅ፤ መምህሩ በግቢው የምትጭረውን ዶሮ እግር አሳይቶ ሦስቱን ጣትና ጥፍሩን ያስመልክተው። ሥጋ በላዎቹ ዳይኖሰሮች በእንደዚህ ያለ እግር ይሄዱ ነበር።

አጥንት ወደ ድንጋይ የሚለወጠው እንዲህ ነው። እንስሳው በወንዝ ወይም በሐይቅ ዳር ሲሞት ጎርፍ ያመጣው ደለል ፈጥኖ ከሸፈነው አውሬ አይበታትነውም፤ ፀሐይም አይሰነጣጥቀውም። ሥጋው ይበሰብሳል፤ አጥንቱ ይቀራል። ውኃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ የሟሟ ማዕድን ይዞ በአጥንቱ ቀዳዳ ሁሉ እየገባ ይሞላዋል። ደለሉም በደለል ላይ እየተደራረበ በክብደቱ ይጠነክርና ዐለት ይሆናል። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ዝናምና ነፋስ ዐለቱን ሲሸረሽረው፤ ወይም ወንዝ ሲቈርጠው፤ አጥንቱ በገደሉ ፊት ብቅ ይላል።

ዕድሜው የሚታወቀውም በአጥንቱ መልክ ብቻ ሳይሆን በተኛበት አፈር ነው። የታችኛው ድርብርብ ከላይኛው ይቀድማልና በመጀመሪያ ቅደም ተከተሉ ይታወቃል። ቀጥሎም በድርብርቡ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ ቢገኝ፤ በአመዱ ማዕድኖች ውስጥ ያሉ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ባልተለወጠ ፍጥነት ወደ ሌላ ንጥረ ነገር እየተለወጡ ስለሚሄዱ፤ የተለወጠውን ካልተለወጠው ጋራ በመመዘን የዓመቱ ቍጥር ይወጣል። አመድ በሌለበት ስፍራ በዚያው ድርብርብ ያለው የዛጎልና የሌላ እንስሳ ዓይነት ዕድሜው ከታወቀ ከሌላ ስፍራ ጋራ ይመሳከራል። እንግዲህ አጥንትን ከአፈሩ ነቅሎ የወሰደ ሰው፤ ሳያውቅ የልደቱን መዝገብ ከእርሱ ለይቶ ጣለ ማለት ነው።

፪ኛ ክፍል፤ በግብጽ ምድረ በዳ ስለ ተገኘው

ኤርንስት ሽትሮመር በ1871 ዓመት በጀርመን አገር የተወለደ የጥንት እንስሳት ሊቅ ነበረ። በ1910 ዓመት መጨረሻ ወደ ግብጽ ተሻገረ። አሳቡ የአጥቢ እንስሶችን ጥንታዊ አጥንት ለመፈለግ ነበረ። በ1911 ዓመት በጥር ወር በግመል ተጕዞ ከካይሮ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባሕሪያ ወደምትባለው የበረሃ ለምለም ስፍራ ደረሰ። በዚያም የፈለገውን ሳይሆን ያልፈለገውን አገኘ፤ ይኸውም የዳይኖሰር አጥንት ነው።

ሽትሮመር ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ሪካርድ ማርክግራፍ የሚባል አጥንት ፈላጊ በባሕሪያ ሥራውን ቀጠለ። ይህ ሰው በግብጽ የኖረ፤ ብዙ ጊዜም በበሽታ የሚሠቃይ ነበረ። በ1912 ዓመት ከሌላው ሁሉ የተለየ የአንድ አውሬ አጥንት አገኘ። የታች መንጋጋው ረዥምና ቀጭን ነው፤ ጥርሱም እንደ ሌሎች ሥጋ በላዎች እንደ መጋዝ የተነቀሰ ሳይሆን እንደ አዞ ጥርስ ሾጣጣ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በጀርባው አከርካሪ ላይ ወደ ላይ የቆሙት አጥንቶች ናቸው። ከእነርሱም የረዘመው 1 ሜትር ከ65 ሳንቲም ይሆናል፤ ይህም የአንድ ሰው ቁመት ያህል ነው።

ሽትሮመርም አጥንቶቹን በሙኒክ ከተማ ተቀብሎ መረመረና በ1915 ዓመት መጽሐፍ አወጣ። አውሬውንም ስፒኖሳውሩስ ኤጂፕቲያኩስ ብሎ ሰየመው፤ የግብጽ ባለ እሾህ እንሽላሊት ማለት ነው። የኖረበትም ዘመን ከዛሬ 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ሆነ ዛሬ ይታወቃል። በመጽሐፉም የእያንዳንዱን አጥንት ርዝመትና ስፋት ጻፈ፤ መልኩንም በጥንቃቄ አሣለ፤ ከየት እንደ ተገኘም አመለከተ። በዚያን ጊዜ ይህ ተራ ትጋት ይመስል ነበር። ኋላ ግን ከአጥንቱ ሁሉ ተርፎ የቀረው ይህ ትጋት ብቻ ሆነ።

፫ኛ ክፍል፤ ስለ እሳቱ

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ቀሪዎቹ የአጥንት ሣጥኖች ከግብጽ መውጣት ተከለከሉ። ማርክግራፍም በ1916 ዓመት ሞተ። ሣጥኖቹ ሙኒክ የደረሱት በ1922 ዓመት ነው፤ በመንገድም ብዙው አጥንት ተሰባብሮ ነበረ። ሽትሮመር ስባሪውን በስባሪ እየገጠመ ብዙ ዓመት ደከመ፤ ከዚያም ስለ ሌሎች የባሕሪያ ዳይኖሰሮች ጻፈ። አጥንቶቹም በከተማው ቤተ መዘክር ተቀመጡ።

ሁለተኛው ጦርነት ሲነሣ የሙኒክ ከተማ ከአየር ለሚጣል ቦምብ የተጋለጠች ሆነች። ሽትሮመርም አጥንቶቹ ከከተማ ወጥተው በዋሻ ወይም በጨው ማዕድን ጕድጓድ እንዲሸሸጉ አጥብቆ ለመነ። ነገር ግን በዚያን ዘመን የነበረው የቤተ መዘክሩ አለቃ የገዢው የናዚ ወገን ነበረና፤ ከተማይቱን ለቆ ዕቃ ማሸሽ በድል አለማመን መስሎ ስለ ታየው እምቢ አለ። ሽትሮመርም ያን ወገን የሚነቅፍ ሰው ስለ ነበረ ቃሉ አልተሰማለትም።

በ1944 ዓመት በሚያዝያ ወር፤ ከ24ኛው ቀን ወደ 25ኛው በሚያነጋው ሌሊት፤ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በሙኒክ ላይ ቦምብ ጣሉ። ቤተ መዘክሩም ተቃጠለ። ከ90 ሚሊዮን ዓመት በላይ በምድር ሆድ ተጠብቆ የነበረው አጥንት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ሽማግሌው ሊቅ በዚያው ጦርነት ሁለት ልጆቹን አጥቷል፤ በ1952 ዓመትም አረፈ።

በአገራችን፤ በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እነሆ የሽትሮመር ሥራ የዚህ ቃል ማረጋገጫ ሆነ። አጥንቱ ጠፋ፤ ነገር ግን መጽሐፉ በብዙ አገር ቤተ መጻሕፍት ተበትኖ ስለ ነበረ እሳቱ አላገኘውም። ደግሞም ከመቃጠሉ በፊት የተነሡ ፎቶግራፎች ከቤተ መዘክሩ መዛግብት ተገኝተው በ2006 ዓመት በአሜሪካና በጀርመን ሊቃውንት ታተሙ።

፬ኛ ክፍል፤ ሪዛሙ ሰው

በሞሮኮ ደቡብ ምሥራቅ፤ በሰሐራ በረሃ ጫፍ ኤርፉድ የምትባል ከተማ አለች። በዙሪያዋ ያሉት ቀያይ ገደሎች ኬም ኬም ይባላሉ፤ በጥንት ዘመን ታላላቅ ወንዞች ይፈስሱባቸው ስለ ነበር የዓሣና የአዞ፤ የዳይኖሰርም አጥንት ሞልቶባቸዋል። የአገሩም ሰዎች በገደሉ ውስጥ በእጅ ጕድጓድ እየቈፈሩ አጥንት ያወጣሉ፤ ለነጋዴም ይሸጣሉ። ይህን የሚያደርጉት ለዕለት እንጀራቸው ነውና ልንፈርድባቸው አይገባም። ነገር ግን አጥንቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ከየትኛው ጕድጓድ እንደ ወጣ መናገር የሚችል ሰው አይገኝም። ከአንድ አውሬ የወጣውም አጥንት ለብዙ ገዢ ተከፋፍሎ በየአገሩ ይበተናል።

በ2008 ዓመት ኒዛር ኢብራሂም የሚባል አባቶቹ በአንድ ወገን ጀርመን በአንድ ወገን ሞሮኮ የሆኑ ወጣት ተማሪ በኤርፉድ ሳለ አንድ ሰው በካርቶን ሣጥን አጥንት አምጥቶ አሳየው። አጥንቶቹ ገና ሐምራዊ አፈር እንደ ለበሱ ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ ረዥምና ጠፍጣፋ ነበረ፤ በተሰበረበትም ፊት መካከሉ ነጭ ሆኖ ቀይ መስመር ያልፍበታል። ኒዛርም ምን እንደ ሆነ በውል ሳያውቀው፤ አጥንቶቹ ከአገር እንዳይወጡ በካዛብላንካ ባለው ዩኒቨርሲቲ እንዲቀመጡ አደረገ።

በሚከተለው ዓመት ወደ ኢጣልያ ሄደ። በሚላኖ ቤተ መዘክር ያሉ ሊቃውንት ከአንድ ነጋዴ እጅ የደረሳቸውን፤ ከሞሮኮ የወጣ የአንድ ታላቅ አውሬ አጥንት አሳዩት። የእግር አጥንት፤ የመንጋጋ ስባሪ፤ ደግሞም እነዚያ ከጀርባ ወደ ላይ የሚቆሙት ረዣዥም አጥንቶች ነበሩ። ይህ ሽትሮመር የጻፈው ስፒኖሳውሩስ ነው። ኒዛርም የአንዱን አጥንት ስባሪ በተመለከተ ጊዜ ያ ቀይ መስመር፤ ያ ሐምራዊ አፈር እንዳለበት አየ። በካዛብላንካ ያለውና በሚላኖ ያለው አጥንት የአንድ አውሬ አካል ሊሆን እንደሚችል ልቡ ነገረው።

ነገር ግን ይህን ለሌላ ሰው የሚያረጋግጥበት ማስረጃ አልነበረውም። ስፍራው አይታወቅምና። በሚላኖ ያለው አጥንት ቀንና ማኅተም እንደሌለው ደብዳቤ ነበረ። ስፍራውን የሚያውቅ ያ ሣጥን ያመጣው ሰው ብቻ ነው፤ ኒዛርም የሰውየውን ስም አያውቅም፤ አድራሻውንም አያውቅም። የሚያስታውሰው ሪዙንና ነጭ ልብሱን ብቻ ነው።

በ2013 ዓመት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋራ ወደ ኤርፉድ ተመለሰ፤ ብዙ ቀንም ሪዛሙን ሰው ፈለገ። በዚያ አገር ነጭ ልብስ የለበሰ ባለ ሪዝ ሰው ብዙ ነውና አልተገኘም። ተስፋ ቈርጠው በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሳሉ አንድ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው በፊታቸው አለፈ። ኒዛር ፊቱን አይቶ ብድግ አለና ተከተለው፤ ያው ሰው ሆኖ ተገኘ። ሰውየውም ከልመና በኋላ እሺ ብሎ ወደ በረሃው መራቸው፤ ዝሪጋት በሚባለው ስፍራ አጠገብ በገደል ላይ የቈፈረውን ጕድጓድ አሳያቸው። በዚያም አፈሩ ያው ሐምራዊ አፈር ሆነ፤ የዚያው አውሬ ስባሪ አጥንትም ገና በመሬቱ ላይ ተበትኖ ነበረ።

፭ኛ ክፍል፤ ወደ ቦታው በመመለስ የተገኘው ጥቅም

በ2014 ዓመት ኒዛርና ባልደረቦቹ ሐተታቸውን ሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጡ። የተቃጠለውን አጥንት ከሽትሮመር ሥዕልና ልክ እየወሰዱ፤ አዲሱን ከካዛብላንካና ከሚላኖ እያመጡ፤ ሁለቱን በኮምፒዩተር አጋጥመው የአውሬውን መልክ አቆሙ። ርዝመቱ 15 ሜትር ያህል፤ የኋላ እግሩ ለአካሉ አጭር፤ የእግሩም አጥንት ውስጡ ባዶ ሳይሆን ድፍን እንደ ሆነ ጻፉ። በየብስ የሚሮጡ ሥጋ በላ ዳይኖሰሮች የእግር አጥንታቸው ውስጡ ክፍት ነው፤ በውኃ የሚጠልቁ እንደ ፔንጉዊን ያሉ የባሕር ወፎች ግን አጥንታቸው ድፍን ነው። ስለዚህ ይህ አውሬ አብዛኛውን ዕድሜውን በውኃ የሚያሳልፍ፤ ዓሣ የሚያድን ነው ብለው ደመደሙ። በሚላኖ የነበረውም አጥንት ወደ ተወለደበት ወደ ሞሮኮ ተመለሰ።

ይህ ሐተታ በወጣ ጊዜ ሌሎች ሊቃውንት ተቃወሙ። የእግሩ አጭርነት ያልታሰበ ነገር ነውና፤ ምናልባት የሁለት አውሬ አጥንት ተቀላቅሎ እንደ አንድ ተቈጥሮ ይሆናል አሉ። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነበረ። አጥንቱ ከነጋዴ እጅ የመጣ ስለ ሆነ፤ ተቀላቅሎ አለመሆኑን አጥንቱ ብቻውን ሊያስረዳ አይችልም።

እንግዲህ ቦታው መታወቁ የጠቀመው በዚህ ጊዜ ነው። ከ2015 እስከ 2019 ዓመት ድረስ ሊቃውንቱና የሞሮኮ ሠራተኞች ወደዚያው ጕድጓድ እየተመላለሱ ቈፈሩ። ዐለቱን ሰባበሩ፤ አፈሩን አበጠሩ፤ እያንዳንዱ አጥንት የተገኘበትን ስፍራ በካርታ ላይ አኖሩ። ከዚህም ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው፤ ከወጣው አጥንት ሁሉ መካከል አንድ አካል ሁለት ጊዜ አልተገኘም። ሁለት አውሬ ቢሆን ኖሮ ሁለት የግራ ጭን ወይም አንድ ዓይነት አከርካሪ ሁለት ሆኖ ይገኝ ነበር። ሁለተኛው፤ ማንም ያላየው የአውሬው ጅራት ብዙው ክፍል ወጣ።

ጅራቱም እንደ ሌሎች ዳይኖሰሮች ጅራት ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ አልነበረም። ከአጥንቶቹ ላይ ረዣዥም እሾሆች ወደ ላይ፤ ሌሎችም ወደ ታች ስለ ወጡ፤ ጅራቱ በቁመት ሰፊ ሆኖ እንደ መቅዘፊያ ነበረ። ይህን በ2020 ዓመት ኔቸር በተባለው መጽሔት ገለጡ። የጅራቱንም ቅርጽ ከላስቲክ ቈርጠው በሞተር በሚወዛወዝ መሣሪያ ላይ አስረው በውኃ ውስጥ ሞከሩት፤ ከየብስ ዳይኖሰሮች የጅራት ቅርጽ ይልቅ ውኃን በብርቱ የሚገፋ ሆኖ ተገኘ።

ሪዛሙ ሰው ቦታውን ባያሳይ ኖሮ ተቃውሞው መልስ ባላገኘም ነበር፤ ጅራቱም ዛሬ በዐለቱ ውስጥ በተኛ፤ ወይም ተቈራርጦ በየገበያው በተሸጠ ነበር።

፮ኛ ክፍል፤ ስለ ሊቃውንት ክርክር

መምህራን ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ ነገሩ ሁሉ ያለቀ አስመስለው እንዳይናገሩ ይገባል። አውሬው ከውኃ ጋራ የሚኖርና ዓሣ የሚበላ መሆኑን ሊቃውንት ሁሉ ይስማማሉ። ሙግቱ በአሳዳደኑ ላይ ነው። በ2021 ዓመት ሁለት ሊቃውንት፤ ይህ አውሬ በውኃ ውስጥ እየዋኘ የሚያባርር ሳይሆን፤ ረዣዥም እግር ያላቸው የውኃ ዳር ወፎች እንደሚያደርጉት ጥልቅ ባልሆነ ውኃ ቆሞ አንገቱን አዘንብሎ ዓሣ የሚነጥቅ ነው ብለው ጻፉ። በ2022 ዓመት መጀመሪያ ሌሎች ደግሞ የብዙ እንስሶችን አጥንት ድፍንነት አመሳክረው፤ በውኃ ውስጥ ይጠልቅ ነበር አሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፖል ሴሬኖ የሚባለው የአሜሪካ ሊቅና ባልደረቦቹ፤ በሰውነቱ ውስጥ ያለው አየርና በጀርባው ያለው ሸራ መሳይ ነገር ለመጥለቅ አያስችለውም፤ በጥልቅ ውኃም ይንገዳገዳል ብለው መለሱ። በ2024 ዓመትም የአጥንት ድፍንነት ስሌቱ ጕድለት አለበት የሚል ሌላ ሐተታ ወጣ።

ይህን የሰማ ተማሪ፤ ሊቃውንቱ ካልተስማሙ እውቀታቸው ምን ይረባል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ እንዲህ ነው። በፍርድ ሸንጎ ሁለት ተሟጋቾች ሲከራከሩ ዳኛው ነገሩን ይበልጥ ያጠራል እንጂ ክርክሩ ፍርድን አያበላሽም። ሊቃውንቱም የሚከራከሩት ማንም ሊያየው በሚችለው በአንድ ማስረጃ ላይ ነው። አጥንቱ በካዛብላንካ ተቀምጧል፤ ልኩ ተጽፏል፤ ቦታው ታውቋል። ነገ የሚመጣ ሌላ ሊቅ ሁሉን እንደ ገና መርምሮ ሁለቱንም ወገን ሊያርም ይችላል። ማስረጃው ከጠፋ ግን ክርክሩ የወሬ ክርክር ይሆናል፤ መጨረሻም አይኖረውም።

፯ኛ ክፍል፤ ይህ ነገር ለአገራችን ምን እንደሚያስተምር

አንባቢ ሆይ፤ ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው ብለህ አትለፈው። በሰሜን ምዕራብ ደጋችን የዓባይ ገባሮች እነ ጀማ በቈረጡት ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቶ በ1999 ዓመት በሊቃውንት መጽሔት ተገልጧል። በጎንደር አውራጃ በጭልጋ 27 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የጥንት ዝሆኖች አጥንት ወጥቶ በ2003 ዓመት ለዓለም ተነግሯል። በአፋር ምድር በሐዳር በ1974 ዓመት የተገኘችው ድንቅነሽ ደግሞ በዓለም ሁሉ የታወቀች ናት። በመጀመሪያ የታየው ትንሽ የክንድ ስባሪ ነበረ። ያገኟት ሰዎች ስባሪውን አንሥተው ከመሄድ ይልቅ ቍልቍለቱን በሙሉ ብዙ ቀን ስላበጠሩት ከአካሏ 40 ከመቶ ያህሉ ተሰበሰበ። ከተኛችበት አፈር በላይና በታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድም ስለ ታወቀ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደ ሆነ ተረጋገጠ።

እንደዚህ ያለውን ነገር ቀድሞ የሚያየው ሊቅ አይደለም። ከብት የሚጠብቅ ልጅ፤ ድንጋይ የሚፈልጥ ሠራተኛ፤ ከጎርፍ በኋላ ወደ ወንዝ የምትወርድ ሴት ናቸው። እነዚህም የሚያገኙትን አምጥተው የሚያሳዩት ለመምህር ወይም ለአገር ሽማግሌ ነው። ስለዚህ መምህሩና ሽማግሌው የሚከተለውን ነገር ቢያውቁ ለአገር ታላቅ ጥቅም ነው።

አንደኛ፤ እንደ ድንጋይ የከበደ አጥንት ወይም ጥርስ በገደል ፊት ቢታይ ከስፍራው አይነቀል፤ በመዶሻም አይመታ። ውኃና ዘይትም አይፍሰስበት።

ሁለተኛ፤ ስፍራው በጽሑፍ ይመዝገብ። የወንዙ ስም፤ ከወንዙ በየትኛው ማዶ እንደ ሆነ፤ ከታወቀ ዛፍ ወይም ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ምን ያህል እርምጃ እንደሚርቅ፤ ቀኑም ይጻፍ። ያየው ሰው ስም ከሁሉ በፊት ይጻፍ፤ እረኛም ቢሆን ስሙ አይቅር።

ሦስተኛ፤ ሥዕል ይሣል ወይም ፎቶግራፍ ይነሣ። ልኩ እንዲታወቅ እርሳስ ወይም ሌላ ርዝመቱ የታወቀ ነገር በአጠገቡ ይኑር።

አራተኛ፤ አስቀድሞ ተነቅሎ የመጣ ቢሆን ያመጣውን ልጅ አትቈጡት። ብትቈጡት ሁለተኛ አያሳይም። አብራችሁት ሂዱና ያነሣበትን ስፍራ ያሳያችሁ። በወረቀት ጠቅልላችሁ፤ የስፍራውን ጽሑፍ ከአጥንቱ ጋራ አንድ ላይ አኑሩት።

አምስተኛ፤ ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት፤ በእርሱም በኩል በአዲስ አበባ ላለው የቅርስ ባለሥልጣን አስታውቁ። እንደዚህ ያለ ቅርስ የአገር ሀብት ስለ ሆነ ያገኘ ሰው ለመንግሥት ማስታወቅ በሕግ የታዘዘ ነው። ነጋዴ መጥቶ በጥቂት ብር ልግዛ ቢል፤ የሞሮኮውን ታሪክ ንገሩት።

መደምደሚያ

ከላይ በተነገረው ታሪክ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። ሽትሮመር ያየውን ሁሉ ስለ ጻፈ፤ እሳት የበላው አጥንት በጽሑፉ ተረፈ። የቤተ መዘክሩ አለቃ ምክር ስላልሰማ፤ የማይተካ ነገር በእጁ ጠፋ። ሪዛሙ ሰው ደግሞ ማንበብና መጻፍ ለሚያውቁት ሊቃውንት እነርሱ የሌላቸውን እውቀት ሰጠ፤ ያውም ቦታውን ነው። እኛም በየመንደራችን ከሦስቱ የትኛውን እንደምንመስል ገና አልታወቀም። የሚታወቀው አንድ ልጅ በኪሱ ድንጋይ የሚመስል ጥርስ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት በመጣ ቀን ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. የእንስሳ አጥንት ወደ ድንጋይ እንዴት ይለወጣል?
2. በሙኒክ የነበረው አጥንት በ1944 ዓመት ከተቃጠለ በኋላ ሊቃውንት ስለ አውሬው ሊያውቁ የቻሉት በምን ነው?
3. በሞሮኮ ያለው ጕድጓድ መታወቁ የትኛውን ተቃውሞ መለሰ? እንዴትስ መለሰ?
4. ከትምህርት ቤታችሁ አጠገብ ወንዝ የቈረጠው ገደል ካለ፤ ከመምህራችሁ ጋራ ሂዱና የአፈሩን ድርብርብ ቍጠሩ። የትኛው አስቀድሞ እንደ ተኛ፤ የትኛውም ኋላ እንደ መጣ በደብተራችሁ ሥዕል ሥላችሁ አመልክቱ። ቀኑንና የስፍራውን ስም መጻፍ አትርሱ።